ባዶውን ታንከር «ሙሉ ነው» ያለኝ ትራንስሚተር፦ ኢዲዲኤል፣ ኤፍዲቲ፣ ኤፍዲአይና ሌሎቹ ከባሕር ዳር ሲታዩ

ታንከሩ ባዶ ነው። ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ አይቼዋለሁ። ታች ከቀረችው ጭቃ በቀር ጠብታ ውሃ የለውም። የኮንትሮል ሩሙ ስክሪን ግን «ሙሉ ነው» ይላል። ፓምፑም ስክሪኑን አምኖ አልነሳም ብሏል። ቦታው ከባሕር ዳር ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፋብሪካ፣ ጊዜው ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የሺፍት ኃላፊው ጃንጥላቸውን እንደያዙ «እሺ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ይሉኛል። «ቆይ ጋሼ፣ እያየሁት ነው» እላለሁ። ምን እያየሁ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ይቺን ግምገማ የምጽፈው በዚያ ሌሊት ምክንያት ነው። የምገመግመው አንድ ዕቃ አይደለም። የፋብሪካ መሣሪያዎች ስለራሳቸው የሚናገሩባቸውን ስታንዳርዶች ነው የማወዳድረው፦ ኢዲዲኤል፣ ኤፍዲቲ፣ ኤፍዲአይ፣ ኦፒሲ ዩኤ፣ በመንገዴም ሞድበስንና አይኦ ሊንክን። እነሱን የሚያወዳድሩ ጽሑፎች ብዙ አሉ፣ ግን አብዛኛዎቹ ጥሩ ኢንተርኔትና አዲስ ላፕቶፕ ባለበት ቢሮ ተቀምጠው የተጻፉ ይመስላሉ። ይቺኛዋ በዝናብ የተጻፈች ናት በሉ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ታንከሩን ልጨርስላችሁ።

የውሃው ከፍታ የሚለካው ታች በተገጠመ የፕሬዠር ትራንስሚተር፣ ማለትም ግፊቱን ለክቶ በሽቦ በሚልክ መሣሪያ ነው። 5 ሜትር ውሃ ግማሽ ባር ገደማ ይገፋል፣ ስለዚህ ሬንጁ ከ0 እስከ 0.5 ባር ተሞልቶ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ ይልካል። የድሮው ተበላሸና ከስቶር ሌላ ወጣ፣ ከቆመ መስመር ላይ ተፈትቶ የተቀመጠ። በመልክ አንድ ናቸው። ብሎኑም ገጠመ፣ ሽቦውም ገጠመ። የስም ሰሌዳው ላይ ግን የቀለም ቀቢዎቻችን ብሩሽ አልፎበታል፣ ምንም አይነበብም። ኮሚኒኬተሬን፣ ማለትም ከመሣሪያዎች ጋር የምነጋገርበትን በእጅ የሚያዝ ዕቃ፣ አገናኘሁ። መሣሪያውን አገኘው፣ ግን «ጄኔሪክ» ብሎ ነው ያገኘው፣ ማለትም የዚህ ሞዴል ፋይል የለውም። ታጉን (የመለያ ስሙን)፣ ሬንጁንና የሚያነበውን ቁጥር አሳየኝ። 0.81 ባር። ባዶ ታንከር ላይ! ሴንሰሩ ሞቷል ብዬ ልፈታው ነበር።

ጠዋት አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የመሣሪያው ዲቲኤም፣ ማለትም አምራቹ ራሱ የሠራለት ፕሮግራም፣ ተጭኖበታል። አገናኘነው፣ ሁለት ገጽ ወረድ አልን፣ እዚያ ቁጭ ብላለች፦ «ሴንሰር ታይፕ፦ አብሶሉት»። አለቀ። የእኛ ታንከር የሚፈልገው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ የሚለካ ነው። ይህኛው ደግሞ ከፍጹም ባዶነት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የባሕር ዳርን አየር ሲመዝን አድሯል። እዚህ ያለነው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ወደ 815 ሚሊባር ይሆናል። ወደ ውሃ ሲለወጥ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ባለ 5 ሜትሩ ታንከር ባዶውን 8 ሜትር ውሃ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ትራንስሚተሩ እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ያቺ «አብሶሉት» የምትል ቃል ሌሊቱን ሁሉ መሣሪያው ውስጥ ነበረች። ኮሚኒኬተሬ እንዴት እንደሚጠይቃት አያውቅም ነበር። የእነዚህ ስታንዳርዶች ክርክር ሲጨመቅ ይቺ ናት፦ ያቺን ቃል ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ በእጄ ባለው ዕቃ፣ ማን ያሳየኛል?

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ሃርት የሚባለው ፕሮቶኮል ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። በዚያው ባለ 4-20 ሚሊአምፕ ሽቦ ላይ ትንንሽ የድምፅ ሞገድ ይጭናል፣ 1200 ኸርዝ አንድ ነው፣ 2200 ኸርዝ ዜሮ ነው። ሽቦው ላይ የሚሄደው ቁጥር ብቻ ነው። መሣሪያው «ባር» ብሎ አይልክም፣ 7 ብሎ ነው የሚልከው። 6 ከሆነ ፒኤስአይ ነው፣ 12 ከሆነ ኪሎ ፓስካል፣ 32 ከሆነ ዲግሪ ሴልሺየስ። እነዚህ የጋራ ስለሆኑ ማንኛውም ኮሚኒኬተር ያውቃቸዋል። አምራቹ በራሱ መንገድ የጨመራቸውን ነገሮች፣ የሴንሰሩን ዓይነት በሉት፣ የታንከሩን ቅርጽ ሰንጠረዥ በሉት፣ ልዩ ልዩ ምርመራዎቹን በሉት፣ እነዚህን ግን ካልነገሩት ከየት ያውቃል? የሚነግረው ፋይል ነው። ፋይሉ በምን ዓይነት ይጻፍ በሚለው ላይ ነው ዓለም ለሁለት ተከፍሎ የከረመው።

ኢዲዲኤል በዕድሜ ትልቁ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከሃርት ጋር ያደገ ነው፣ ኋላ ፋውንዴሽን ፊልድበስና ፕሮፊባስ የሚባሉት ፕሮቶኮሎችም ተጋሩት፣ አይኢሲ 61804 የሚል የዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ቁጥርም ወጣለት። አምራቹ መሣሪያውን በጽሑፍ ይገልጸዋል፦ እነዚህ እነዚህ እሴቶች አሉኝ፣ ይህኛው ይነበባል እንጂ አይቀየርም፣ ያኛው ከዚህ በታች አይወርድም፣ ሜኑዬ ይህን ይመስላል። ፕሮግራም ስላልሆነ አይጫንም። ኮሚኒኬተሩ አንብቦት ስክሪኑን ራሱ ይሠራል። የወጥ አሠራር እንደተጻፈበት ወረቀት ቁጠሩት፣ ምድጃው የማንም ይሁን የማን ወጡ ይወጣል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንዴት እንደሚመች ልነግራችሁ አልችልም። ዊንዶውስ ተቀየረ አልተቀየረ ጉዳዩ አይደለም። ቫይረስ የለውም። በእጅ በሚያዝ ኮሚኒኬተር፣ በጓንት፣ በጭቃ፣ በመሰላል ላይ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይሉ ቀላል ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ፋይል የምናገኘው እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አውርዶ ፍላሽ ላይ ይጭነዋል፣ ፍላሹ በአውሮፕላን ከሚመጣ ሰው ጋር ይላካል፣ እኛ ኤርፖርት በር ላይ ባጃጅ አቁመን እንጠብቃለን። በዚያ መንገድ የመጣች አንዲት ፍላሽ እስካሁን ቁልፌ ላይ አለች፣ ውስጧ ያሉት ኢዲዲዎች (የኢዲዲኤል ፋይሎቹ) ብዙ ሥራ ሠርተዋል።

ነቀፌታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፋይሉ ቢገኝም የእኛው ኮሚኒኬተር በዋዛ አያስገባውም፤ የአፕዴት ጊዜው ካለፈ ብር ካልተከፈለ በቀር በሩን አይከፍትም። በዚያ ሌሊት ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው፣ ስታንዳርዱ አይደለም። ሁለተኛ፣ መልኩ ደረቅ ነው። ድሮ ግራፍ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ በኋላ ላይ ነው የተጨመረለት። ያንኑ ፋይል ሁለት የተለያዩ ሶፍትዌሮች ላይ ስትከፍቱት ሁለት የተለያየ ነገር ይመስላል፣ አንዱ ጋ ፊት ለፊት ያለው ሜኑ ሌላው ጋ አራት በር ገብቶ ነው የሚገኘው። ለማንኛውም ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ፣ ከልቤ።

አሁን ወደ ኤፍዲቲ። ሐሳቡ የፕሪንተር ድራይቨር ነው። አምራቹ ለመሣሪያው ዲቲኤም የሚባል ሙሉ ፕሮግራም ይሠራል፣ እናንተ ደግሞ ዲቲኤሞቹን ሁሉ የሚያስተናግድ አንድ ቤት ትጭናላችሁ፣ ለምሳሌ በነፃ የሚገኘውን ፓክትዌር። ቁጥሩ አይኢሲ 62453 ነው። ዲቲኤም ሲሠራ ደስ ይላል! አምራቹ የፈለገውን ስክሪን ስለሚሠራ መሣሪያው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ በሥዕል ታያላችሁ።

አንድ ቀን የናፍጣ ታንከር ላይ የተገጠመ ራዳር ሌቭሉን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እያቆመ አስቸገረን። ናፍጣው ይወርዳል፣ ቁጥሩ አይወርድም። ዲቲኤሙን ከፍተን ኢኮ ከርቩን (ተመልሶ የሚመጣውን ሞገድ ግራፍ) ስናየው ከላይ 2 ሜትር ላይ አንድ ሹል ጉብታ አለ፣ ከእሱ በታች ሰፋ ያለ ሌላ። ሰፊው ናፍጣው ነው። ሹሉ ምንድን ነው? ወጥተን አየን፣ የውስጥ መሰላሉ ነው፣ የሆነ ሰው ሲጠግነው አንድ እርከን ወደ ውስጥ አጣሞ በይዶታል። ያንን ጉብታ ስክሪኑ ላይ «ይህን እርሳው» ብለን ምልክት አደረግንበት፣ በ10 ደቂቃ አለቀ። እንዲህ ዓይነት ሥራ በኮሚኒኬተሯ ትንሽ ስክሪን ልሞክር ብትሉ መሽቶ ይነጋል።

ግን ዲቲኤም ብቻውን አይመጣም። የመሣሪያው ዲቲኤም አለ፣ ላፕቶፑን ከሽቦው የሚያገናኘው ሞደም ዲቲኤም አለ፣ መሀል ላይ ጌትዌይ (አንዱን ኔትወርክ ከሌላው የሚያገናኝ ዕቃ) ካለ የእሱም አለ፣ አንዱ ከጎደለ ሰንሰለቱ አይያያዝም፣ የትኛው እንደጎደለ ደግሞ በግልጽ የሚነግራችሁ የለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትራንስሚተር ከ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኝቼ ሞደሜን ሰክቼ ግማሽ ቀን ሙሉ «መሣሪያ አልተገኘም» ሲለኝ ዋለ። ዲቲኤሙን አራግፌ ጫንኩ። ኮም ፖርቱን ቀየርኩ። ላፕቶፑንም ሰደብኩ። ችግሩ ለካ ሬዚስተር ነው፤ ሃርት በሽቦው ላይ ወደ 250 ኦም የሚሆን ነገር ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ ሞገዱን ይውጠዋል። ባጃጅ ይዤ ገበያ አካባቢ ወዳለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሄድኩ።

«250 ኦም አለህ ወንድሜ?»

«250 የሚባል የለም። 1 ኪሎ ነው ያለኝ።»

«እሱ አይሆነኝም።»

«አራቱን ጎን ለጎን ብበይድልህስ?»

አራት ባለ 1 ኪሎ ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ ልክ 250 ይመጣሉ። ዲግሪ አለኝ እኮ! አራቱን በአንድ ቡና ዋጋ በይዶ ሰጠኝ፣ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። ከስታንዳርድ ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ ዲቲኤሙ ያንን ሁሉ ቆንጆ ስክሪን ይዞ «ሬዚስተር አለህ ወይ?» የምትል አንዲት መስመር እንኳ አላሳየኝም።

የኤፍዲቲ ትልቁ በሽታ ግን ዊንዶውስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች የተሠሩት ኮምና አክቲቭኤክስ በሚባሉ አሮጌ የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂዎች ላይ ነው። አይቲ ክፍል ላፕቶፓችንን ወደ ዊንዶውስ 10 አሳደገልን፣ እኛም አመሰገንን፣ በማግስቱ ከ9 ዲቲኤሞቻችን 4ቱ አንነሳም አሉ። እነሱን ለማስነሳት ብቻ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በዊንዶውስ 7 አስቀምጠናል። ስሙ «ሽማግሌው» ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ስለዚህ ሽማግሌው በሄደበት ሁሉ 50 ሜትር የኤክስቴንሽን ገመድ አብሮት ይሄዳል፣ መብራት ከሄደ እሱም ይሄዳል። እርግጥ ኤፍዲቲ 2 በ2012 ወደ ዶትኔት ተሸጋግሯል፣ በ2020 የወጣው ኤፍዲቲ 3 ደግሞ በብሮውዘር የሚታይ ሆኗል። ግን እኔ ስቶር ውስጥ ያለው መሣሪያ በ2020 የተሠራ አይደለም። ስድስት። ራዳር ለሚጠግን ሰው ሰባት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኤፍዲአይ መጣ። ኢመርሰንና ሲመንስ ኢዲዲኤልን ይዘው፣ ኤቢቢና ኤንድረስ ሀውዘር ከኤፍዲቲ ጋር ተሰልፈው ለዓመታት ሲጎተቱ፣ መሣሪያ የሚገዛው ሰው መሀል ላይ ሁለቱንም ሲሸከም ኖረ። ናሙር የሚባል መቀመጫውን ጀርመን ያደረገ የተጠቃሚዎች ማኅበር አለ፣ እሱም እኛ አንድ መፍትሔ ነው የምንፈልገው እያለ ጫና ያደርግ ነበር። በ2007 ሁለቱ ወገኖች አብረው ለመሥራት ተስማሙ። አይኢሲ 62769 ሆኖ የወጣው በ2015 ነው። ሽምግልናው ስምንት ዓመት ፈጀ ማለት ነው፣ የእኛ አገር የመሬት ክርክር እንኳ አንዳንዴ ከዚህ ይፈጥናል።

ኤፍዲአይ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ነው የመጣው። አምራቹ አንድ ፓኬጅ ይሰጣችኋል። ውስጡ እንደ ድሮው የጽሑፍ መግለጫው አለ፣ እሱ ግዴታ ነው። ራዳርን የመሰለ ውስብስብ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ እንደ ዲቲኤም ያለ ቆንጆ ስክሪን ሊጨመርበት ይችላል። ማኑዋሉም እዚያው ይገባል። ፓኬጁ በዲጂታል ፊርማ የታሸገ ስለሆነ መንገድ ላይ የነካው ሰው ካለ ይታወቃል። የእኔ ሌሊት በኤፍዲአይ ቢሆን ኖሮ ያቺን «አብሶሉት» የምትል ቃል በኮሚኒኬተርም በላፕቶፕም ከአንዱ ፓኬጅ አገኛት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ሌላ ምን ልበል።

ታዲያ ስንት ልስጠው? ወረቀት ላይ ዘጠኝ። የእኛ ስቶር ውስጥ አራት። ለአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ተመልሶ ፓኬጅ የሚሠራ አምራች ብዙ የለም። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ስትጠይቁት «አዎ፣ ሃርት አለው» ይላችኋል፣ ጥያቄያችሁ ሌላ መልሱ ሌላ። ሃርት አለው ማለት ይናገራል ማለት ነው፣ ምን እንደሚል የምትረዱበት ፋይል አለ ማለት አይደለም።

ኦፒሲ ዩኤን ከእነዚህ ጋር ማወዳደር ትንሽ ግፍ ነው፣ ምክንያቱም ሥራው ሌላ ነው። ኢዲዲኤልና ኤፍዲቲ ቴክኒሻኑን ከመሣሪያው ጋር ለማነጋገር ነው፣ ኦፒሲ ዩኤ ደግሞ ከፒኤልሲው (ማሽኖቹን ከሚያዘው ኮምፒውተር) ወደ ላይ፣ ወደ ኮንትሮል ሩሙና ወደ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ነው። ግን ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለሚጠራቸው እኔም ጠራሁት። የጥንቱ ኦፒሲ በ1996 ወጣ፣ እሱም ዲኮም በሚባለው፣ ፕሮግራሞች ከፒሲ ወደ ፒሲ በሚነጋገሩበት የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ ላይ ቆሞ። ዲኮምን ያስተካከለ ሰው ምን እንደሚያህል ያውቃል። በማርች 2023 ማይክሮሶፍት የዲኮምን ደህንነት የሚያጠብቀውን ለውጥ አስገዳጅ ሲያደርገው አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ትሬንዱ (ስክሪኑ ላይ የሚሄደው የመለኪያ ግራፍ) ሁሉ ቀጥ አለበትና ደወለልኝ። «እናንተስ?» አለኝ። እኛ ምንም አልሆንን። ኮንትሮል ሩም ያለው ፒሲያችን ኢንተርኔት አይቶ ስለማያውቅ አፕዴቱ አልደረሰውም። ይህን እንደ ጥበብ እንዳትወስዱት ብቻ።

ኦፒሲ ዩኤ ዲኮምን ጥሎታል፣ በማንኛውም ሲስተም ላይ ይሠራል፣ በፖርት 4840 ይገባል። የምወደው ነገር መረጃውን ከነትርጉሙ መላኩ ነው፤ ቁጥር፣ መለኪያው፣ ሰዓቱ፣ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለው ምልክት፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል። ለፕሮሰስ መሣሪያዎች ደግሞ ፓ-ዲም የሚባል የጋራ ሞዴል በ2020 ወጥቷል፣ የማንም ፋብሪካ የፕሬዠር ትራንስሚተር ቢሆን ፕሬዠሩ አንድ ቦታ ላይ እንዲገኝ የሚያደርግ። ኤፍዲአይም ውስጡ የቆመው በኦፒሲ ዩኤ ላይ ነው።

ግን ሰርተፍኬት፣ ማለትም ማንነትን የሚያረጋግጥ ዲጂታል መታወቂያ፣ አለው፣ ሰርተፍኬት ደግሞ ሰዓት ያያል። ጉዱን ስሙ። አንድ ሰርቨር አዲስ ተከልን፣ ሰርተፍኬቱን ያኔውኑ ፈጠረ፣ መረጃውን ከሚጠይቀው ክላየንት ፒሲ ልንገናኝ ስንል ሰርተፍኬቱ ገና አልጀመረም ብሎ እምቢ አለ። ገና አልጀመረም? ለካ ኦፕሬተሮቹ የፒሲው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እንዲነበብላቸው 6 ሰዓት ወደኋላ መልሰውታል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፒሲው 8፡00 ይላል፣ ዓለም ግን 14፡00 ላይ ናት። ሰርተፍኬቱ ለዚያ ፒሲ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚወለድ ሕፃን ነው። ይህን በየትኛውም ማኑዋል ውስጥ አታገኙትም። ሰዓቱን መልሰን ግድግዳው ላይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቀልንላቸው፣ ተስማሙ።

ሞድበስስ? በ1979 የመጣ፣ ርካሹ፣ በሁሉም ቦታ ያለው። መግለጫ የሚባል ፋይል ጭራሽ የለውም። ሬጅስተር (አንድ ቁጥር የሚቀመጥባት ሳጥን በሉት) ነው፣ ቁጥር ነው፣ ቀሪውን ወረቀት ላይ ፈልጉ። አንድ የኃይል ቆጣሪ ላይ የተሞላውን ኖሚናል ቮልቴጅ አነብባለሁ ብዬ ስክሪኑ ላይ 0.000 ይለኛል። ቁጥሩ በሁለት ሬጅስተር ተከፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሁለቱን ለየብቻ ሳያቸው አንዱ 17244 ነው፣ ሌላው 0። ተገላብጠው ነው የገቡት። 17244 ከፊት፣ 0 ከኋላ ሲሆኑ 220.0 ቮልት ይሆናሉ፣ ሲገላበጡ ከዜሮ የማይለይ ኢምንት ቁጥር። አንዱ አምራች ትልቁን ቃል አስቀድሞ ይልካል፣ ሌላው አስከትሎ፣ ስታንዳርዱ በዚህ ላይ ዝም ብሏል። መፍትሔያችን የሬጅስተሩን ዝርዝር አትመን፣ ላሚኔት አድርገን፣ የፓናሉ በር ውስጥ መለጠፍ ነው። የእኛ የመረጃ ስታንዳርድ እሱ ነው፣ በረሮ እንኳ አይበላውም።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፍ። ለፕሮፊባስና ለፕሮፊኔት ጂኤስዲ የሚባል ፋይል አለ። ፒኤልሲው መሣሪያውን እንዲያውቀውና ስንት ባይት እንደሚለዋወጡ እንዲስማሙ ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቁበት። አይኦ ሊንክ ግን ደስ ብሎኛል። የእሱ ፋይል አይኦዲዲ ይባላል። የምወድለት ነገር ከስሪት 1.1 ወዲህ ማስተሩ (ሴንሰሮቹ የሚሰኩበት ሳጥን) የሴንሰሩን ፓራሜትሮች ያስቀምጥለታል፣ ሌሊት ሴንሰር ሲሰበር ጥበቃውም ቢሆን ተመሳሳዩን ሰክቶ መሄድ ይችላል፣ ሴቲንጉን ማስተሩ ራሱ ይጭንለታል። ለጠርሙስ መቁጠሪያና ለመሳሰለው ትንንሽ ሴንሰር ከሁሉም የሚመቸኝ እሱ ነው። ለቦይለርና ለትልልቅ ታንከር ግን አይደለም፤ በማስተሩና በሴንሰሩ መካከል ያለው ኬብል ከ20 ሜትር አያልፍም።

«እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው፣ ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ዓሣ እየበላን አንድ አዲስ የተቀጠረ የፖሊ ልጅ የጠየቀኝን ልድገምላችሁ። ያሉት መሣሪያዎች አሮጌ ከሆኑ ኮሚኒኬተሩንና ኢዲዲዎቹን አጥብቀህ ያዝ፣ የአፕዴቱን ብር አትሰስት፣ እኔ የሰሰትኩት ሌሊቴን በላው። ራዳርና የቫልቭ ፖዚሽነር (ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚቆጣጠር ዕቃ) ካለህ ፓክትዌርን ከነዲቲኤሞቹ ጫን፣ የጫንክበትን ላፕቶፕ ደግሞ ማንም እንዳያሳድግልህ ቆልፍበት። አዲስ ስትገዛ ኤፍዲአይ ጠይቅ። ፋይሎቹን ሁሉ በሦስት ቦታ አስቀምጥ፣ አንዱ ኢንተርኔት የማይነካው ይሁን። ልጁ ሰማኝና «ጋሼ፣ ሁሉን አንድ የሚያደርግ የለም ወይ?» አለኝ። ጋሼ መባሌ ነው የከነከነኝ። ገና 36 ዓመቴ ነው።

የታንከሩ ጉዳይም አለቀ። ትክክለኛው ትራንስሚተር ተገጠመ፣ አብሶሉቱ ወደ ስቶር ተመለሰ፣ በቀይ ማርከር «ታንከር ላይ አይገጠምም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለቀጣዩ በጀት ስድስት አዲስ ትራንስሚተር ስጠይቅ ከዝርዝሩ ግርጌ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ «እያንዳንዱ ከኤፍዲአይ ፓኬጅ ጋር ይቅረብ»። ከሦስት ቀን በኋላ የስቶር ኃላፊዋ ደወለችልኝ።

«አንተ፣ ይሄ ፓኬጅ ያልከው ስንት ካርቶን ነው? ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ነው።»